በፈቃዱ ወጣ የሚባለው ማን ነው?

ሰው ለሥራ ሲቀጠር ደመወዙንና ሰዓቱን፣ የሥራውንም ቦታና ጠባይ መርምሮ ፈቃዱን የሰጠበት ውል አለው፤ እንግዲህ አሠሪው ከጊዜ በኋላ ደመወዙን ቢቀንስበት፣ ሰዓቱን ቢያጓድልበት ወይም የለመደውን ሥራ ነሥቶ ሌላ ቢጭንበት፣ ሠራተኛውም ይህንስ አልተዋዋልሁም ብሎ ቢወጣ፣ ሥራውን በገዛ ፈቃዱ ጣለ ሊባል ይገባልን? በአሜሪካ አገር የሥራ አጥነት አበል ለሚጠይቅ ሰው ብዙ ነገር የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

የአበሉ ሥርዓት በ1935 እ.ኤ.አ. በወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ የተመሠረተ፣ ገንዘቡ ከሞላ ጎደል አሠሪዎች ከሚከፍሉት ግብር የሚገኝ፣ አስተዳደሩም ለየስቴቱ የተተወ ነው። ያለ ጥፋቱ ከሥራ ለወጣ ሰው የታሰበ በመሆኑም፣ በፈቃዱ የለቀቀ ሰው በቂ ምክንያት ካላቀረበ በቀር አይደርሰውም። ይሁን እንጂ የፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ1998 ለስቴቶች ባስተላለፈው መመሪያ፣ አሠሪ የቀድሞውን ውል ለውጦ የሚያቀርበው ሥራ እንደ አዲስ ሥራ እንዲቆጠር አስረድቷል፤ ሕጉም ደመወዙ፣ ሰዓቱ ወይም ሁኔታው በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ ከተለመደው እጅግ ያነሰ አዲስ ሥራን አልቀበልም ያለ ሰው አበሉን እንዳይነፈግ ያዛል።

ለውጡ ኅሊናን ሲነካ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በደቡብ ካሮላይና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ የነበረችው የአድቬንቲስት አማኝ አዴል ሸርበርት፣ ፋብሪካው በ1959 የሳምንቱን ሥራ ከአምስት ወደ ስድስት ቀን ባሳደገ ጊዜ የቅዳሜ ሰንበቴን አልሽርም ብላ ተባረረች፤ ቅዳሜን የሚያሳርፍ ሌላ ፋብሪካም ስላላገኘች ስቴቱ የቀረበላትን ሥራ እምቢ ብላለች በማለት አበሉን ከለከላት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1963፣ ሰው ከሃይማኖቱና ከአበሉ አንዱን እንዲመርጥ ማስገደድ አይገባም ሲል ፈረደላት። በ1981ም የኢንዲያናው ኤዲ ቶማስ፣ ይሠራበት የነበረው የብረት ማቅለጫ ክፍል ተዘግቶ የታንክ ክፍል ወደሚሠራበት ቢዛወር፣ የጦር መሣሪያ መሥራት እምነቴ አይፈቅድልኝም ብሎ በመልቀቁ ተከልክሎ የነበረው አበል በዚያው ፍርድ ቤት ተፈቀደለት።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሲያትል፣ የዋሽንግተን ስቴት ሕግ መለኪያውን በቁጥር ጭምር ያስቀምጣል። የተለመደው ክፍያ ወይም ሰዓት በ25 በመቶና ከዚያ በላይ ከተቀነሰ፣ ለምሳሌ 40 የነበረው ሳምንታዊ ሰዓት 30 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ መልቀቅ በቂ ምክንያት አለው፤ ሥራው ከሃይማኖት ወይም ከልባዊ የሥነ ምግባር እምነት ጋር ወደሚጋጭ ከተለወጠም እንደዚሁ ነው። የሥራው ቦታ አደገኛ ከሆነ ግን ሠራተኛው አስቀድሞ ለአሠሪው ማመልከትና ለማረሚያ የሚበቃ ጊዜ መስጠት ይገባዋል። ሰዓቱ የተቀነሰበት ሰውም ሥራውን ሳይለቅ ከፊል አበል ሊጠይቅ ይችላልና፣ ይህን ሳይመረምር ቢለቅ ራሱን ይጎዳል።

ስለዚህ ሠራተኛ ሆይ፣ ውሉ በተለወጠብህ ቀን ዝም አትበል፤ ተቃውሞህን በጽሑፍ ግለጥ፣ የቅጥር ደብዳቤህን፣ የደመወዝ ወረቀትህንና የሰዓት ድልድልህን ጠብቅ፣ አበሉን ቢከለክሉህም በዋሽንግተን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ በል። በለውጡ ሳይቃወም ብዙ ወራት የሠራ ሰው ተቀብሎታል ሊባል ይችላልና፣ ሕግ የሰጠውን መብት ዝምታ እንዳያስቀረው መትጋት የሠራተኛው ፈንታ ነው።