ከ2 ሚሊ ሜትር በታች

የአየር ቧንቧችን ደረት ውስጥ ለሁለት ከተከፈለ በኋላ 23 ጊዜ ያህል እየተከፋፈለ ይሄዳል። በመካከሉ ስፋቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ይወርዳል፤ ግድግዳውን የሚደግፈው ልም አጥንትም ከዚያ ወዲያ አይኖርም። ሲኦፒዲ የሚባለው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ሥራውን የሚጀምረው በእነዚህ ቀጫጭን ቱቦዎች ነው።

እያንዳንዱ ቱቦ ጠባብ ቢሆንም በሺዎች ሆነው ጎን ለጎን ስለሚሠሩ አየር ሳይቸገር ያልፍባቸዋል። ብዙዎቹ ቢጠፉ እንኳ ሰውየው ቶሎ አይታወቀውም። እ.ኤ.አ. በ1968 ሞንትሪያል ውስጥ ጀምስ ሆግ፣ ፒተር ማክለምና ዊሊያም ተርልቤክ ከሞቱ ሰዎች በተወሰዱ ሳንባዎች ውስጥ ቀጭን የመለኪያ ቱቦ አስገብተው ግፊቱን ለኩ። በታመሙት ሳንባዎች የቀጫጭኖቹ መተላለፊያዎች እንቅፋትነት ከጤናማው ከ4 እስከ 40 እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጉዳቱ ብዙ ነው። አክታ አመንጪ ሴሎች ቀድሞ እምብዛም ባልነበሩበት ቦታ ይበራከታሉ፤ አክታው ቱቦውን ይደፍናል። ነጭ የደም ሴሎች ግድግዳው ውስጥ ይሰፍራሉ፤ ጡንቻው ይወፍራል፤ ዙሪያውን ጠባሳ ይይዘዋል። የቱቦ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ አየሩን የሚገታው ኃይል 16 እጥፍ ያድጋልና ጥቂት ውፍረት ቀላል ነገር አይደለም። ጤናማ ቱቦ ደግሞ፣ ድንኳን በገመድ ተወጥሮ እንደሚቆም፣ በዙሪያው ያሉት የአየር ከረጢቶች ወጥረው ክፍት ያደርጉታል። ከረጢቶቹ ሲፈርሱ ሕመምተኛው ለማስተንፈስ በገፋ ቁጥር ቱቦው ይከደናል፤ ከማስገባት ይልቅ ማስወጣቱ የሚያስጨንቀው ለዚህ ነው።

የበለጠ የሚያሳዝነው እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት ነው። በሽታው እጅግ በጠናባቸው ሰዎች ሳንባ ውስጥ ከመጨረሻዎቹ ቀጫጭን ቱቦዎች የቀሩት 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በ2018 ደግሞ ገና በቀላል ደረጃ ባሉት ላይ 40 በመቶው ጠፍቶ ተገኘ። የሚነፋ መድኃኒት ጡንቻውን ያላላል እንጂ የጠፋውን ቱቦ አይመልስም።

በእኛ አገር ይህን ጉዳት የሚያደርሰው ሲጋራ ብቻ አይደለም። በማገዶ ጭስ በታፈነ ማድ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ የጋገረች እናት ሲጋራ ሳትነካ ልትታመም ትችላለች። ስለዚህ ሳል ይዟቸው ለመጡ እናት «ያጨሳሉ?» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የት እንደሚጋግሩና በምን እንደሚያነዱም ሊጠየቁ፣ ትንፋሻቸውም በስፒሮሜትሪ ሊለካ ይገባል።