ማዘጋጃ ቤት የሚያዘጋጀው ምንድን ነው?

ፒያሳ፣ ከቸርችል ጎዳና ዳገት አናት ላይ፣ ቁልቁል ከተማዋን የሚያይ ትልቅ ሕንፃ አለ፤ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት። በ1950ዎቹ የተሠራ ሲሆን ንድፉን ያወጣው የአፍሪካ አዳራሽን የነደፈው ጣሊያናዊ አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። ብዙዎቻችን በታክሲ መስኮት አይተነው እናልፋለን እንጂ «ግን ምንድን ነው የሚያዘጋጀው?» ብለን አንጠይቅም።

ሰው ተሰብስቦ ስለሰፈረ ብቻ ከተማ አይሆንም። መንገዱን፣ የፍሳሽ ቦዩን፣ ገበያውን፣ መቃብሩን ሳይቀር ቀድሞ የሚያሰናዳ ያስፈልጋል። ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው።

ከእኔ ሙያ ምሳሌ ልስጣችሁ። ጎረቤታችሁ በገዛ ቦታው ላይ ፎቅ ሊሠራ ነው እንበል። ቦታው የራሱ ከሆነ የግንባታ ፈቃድ ለምን ይጠየቃል? መሠረቱን በጥልቀት ሲቆፍር የእናንተን ግድግዳ የያዘው አፈር ሊንሸራተት ስለሚችል ነው። የዝናብ ውሃውን የሚለቅበት ቦይ ካላበጀ ደግሞ ጎርፉ እናንተ ቤት ይገባል። ፕላኑን የሚመረምረው ባለሙያ በደንብ ሳያይ ማኅተም ከመታ ግድግዳ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዴም ሰው ይሞታል።

ሌላው ሥራ መመዝገብ ነው። ዱሮ ለልደትም ለጋብቻም ወረቀት የሚኬደው ማዘጋጃ ቤት ነበር። አሁን በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በየአካባቢው ይመዘገባሉ፤ አገር አቀፍ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ልደቱ ያልተመዘገበ ልጅ ዕድሜውን በማስረጃ ማሳየት ይቸግረዋል። ከተማውም ቢሆን ዘንድሮ ስንት ልጅ እንደተወለደ ካላወቀ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ስንት የአንደኛ ክፍል ወንበር እንደሚያስፈልገው በምን ያውቃል?

የመጨረሻው ብዙም የማይወራለት ነው። ሰው ሲሞት ዕድሩ ይቀብረዋል። ዘመድም ዕድርም የሌለውንስ? ማዘጋጃ ቤት ነው የሚቀብረው። «ማዘጋጃ ቀበረው» ሲባል የብቸኝነት መጨረሻ ተደርጎ ስለሚወሰድ ሰው ይሸማቀቃል። እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል፤ ማንም ለሌለው ሰው ከተማው ራሱ ዕድር ሆኖለታል።

ዕድር ደግሞ አባላቱ ስብሰባ ካልመጡና ካልጠየቁ ይዳከማል። የሰፈራችሁ ቦይ ተደፍኖ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ከታላላቆቻችሁ ጋር ሄዳችሁ «መቼ ነው የሚጠረገው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤቱ የእናንተም ነው።