ማጅራት ቢታሽ ማይግሬን ይለቃል? የሚባለውና እውነታው

ራስ ፍልጠት የያዘው ሰው ባለበት ቤት የሚደረገው ይታወቃል። ግንባሩ በሻሽ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ መጋረጃው ይዘጋል፣ ከቤተሰቡ እጁ የበረታው ተጠርቶ ማጅራቱንና ትከሻውን በቅባት ያሸዋል። ይህ ሁሉ ከንቱ አይደለም። ጨለማና ጸጥታ ሐኪምም የሚመክረው ነው፤ ማሸትም በአግባቡ ከተደረገ ያሳርፋል። ስሕተቱ ያለው ከማሸቱ ጋር አብሮ በሚነገረው ማብራሪያ ላይ ነው። ሕመሙ ከየት እንደመጣና እጅ የት ላይ መቆም እንዳለበት በግምት ስለሚነገር፣ አንዱ ለዓመታት ሳይታከም ይሰቃያል፣ ሌላው አንገቱን ለአደጋ ያጋልጣል።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎችም አይደለም። በኢትዮጵያ ቤት ለቤት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከጎልማሶች 17.7 በመቶዎቹ ማይግሬን፣ 20.6 በመቶዎቹ ደግሞ የውጥረት ራስ ምታት እንደነበረባቸው አሳይቷል። ማይግሬን በሴቶች ላይ ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ይበዛል። ይህን ያህል ሰው የሚያሰቃየውን ነገር «ራስ ምታት ብቻ ነው» ብሎ ማለፍ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

«የያዘኝ ማጅራቴን ነው፤ ራሴን ያመመኝም በእሱ ነው»

ከሁሉም የተስፋፋው እምነት ይህ ነው፤ ለማመንም ይቀላል። መጀመሪያ ማጅራት ይደርቃል፣ ከዚያ ሕመሙ ወደ ላይ ወጥቶ አንዱን ዐይን ይዞ ይወቅራል። ይህን ቅደም ተከተል ደጋግሞ ያየ ሰው መነሻው አንገት ነው ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ማይግሬን አንጎል ውስጥ የሚጀምረው ራስ ከመፈለጡ ሰዓታት፣ አንዳንዴም አንድና ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። በዚያ ጊዜ ሰውየው ደጋግሞ ያዛጋል፣ ያለ ምክንያት ይነጫነጫል፣ ጣፋጭ ያምረዋል፣ ሽንቱ ይመላለስበታል፣ ማጅራቱም ይይዘዋል። ስለዚህ የደረቀው ማጅራት ብዙ ጊዜ የማይግሬኑ የመጀመሪያ ምልክት እንጂ አምጪው አይደለም።

ታዲያ ማሸቱ ለምን ያቀላል? ከላይኛው አንገት የሚነሡት ነርቮች፣ እንዲሁም የፊትንና የአንጎል ሽፋንን ሕመም የሚያደርሰው ትራይጀሚናል የተባለው ነርቭ፣ መልእክታቸውን የሚያራግፉት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የአንጎል ግንድ ከሕብለ ሰረሰር ጋር በሚገናኝበት አካባቢ። እዚያ አንደኛው ሲቆጣ ሌላውም አብሮ ይቆጣል። በማይግሬን ጊዜ የአንገት ሕመም ከማቅለሽለሽ እንኳ በልጦ የሚታየው፣ የማጅራትን ጡንቻ ማላላትም ግንባር ላይ ያለውን ሕመም ጋብ ሊያደርገው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ጋብ ማድረግና መንስኤውን ማጥፋት ግን ይለያያሉ።

የውጥረት ራስ ምታት ላይ የጡንቻው ድርሻ ከፍ ይላል። ይህኛው ራስን እንደ መቀነት ዙሪያውን ያጠብቃል እንጂ አይወቅርም፤ አያስመልስም፤ ብዙ ጊዜ ከሥራም አያስቀርም። ማይግሬን ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ራስን ይይዛል፣ ደረጃ መውጣት ያባብሰዋል፣ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል። ሁለቱም ያለበት ሰው አለ። ማሸት ብዙ የሚጠቅመው የትኛው ላይ እንደሆነ ለማወቅ ይህን መለየት ያስፈልጋል።

«አንገት ካልጮኸ አልተፈታም»

በአንዳንድ ወንዶች ጸጉር ቤቶች ጸጉር ተቆርጦ ሲያበቃ ጭንቅላትን በሁለት እጅ ይዞ በድንገት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር እንደ ምርቃት ይቆጠራል። ድምፁ ሲሰማ ደንበኛው ደስ ይለዋል። ያ ድምፅ ግን የተጣመመ አጥንት መመለሱን ወይም የተቋጠረ ጡንቻ መፈታቱን አይናገርም። በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ከሚፈጠር የጋዝ አረፋ የሚመጣ ነው።

በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ አልፈው ወደ አንጎል የሚወጡ ሁለት የደም ቧንቧዎች አሉ። ድንገተኛ ጥምዘዛ የቧንቧውን የውስጥ ግድግዳ ሊሰነጥቀው፣ በስንጥቁም ላይ ደም ሊረጋ፣ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ግን ሲያጋጥም ወጣትና ጤነኛ የነበረን ሰው ይጥላል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ በአንገት ጥምዘዛና በዚህ ጉዳት መካከል ግንኙነት መታየቱን ጠቅሶ፣ ሰዎች አንገታቸውን ከመስጠታቸው በፊት ይህ እንዲነገራቸው መክሯል። ጥቅሙስ? በኖርዌይ 104 የማይግሬን ሕመምተኞች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አለ። የአከርካሪ አጥንታቸው በባለሙያ በእውነት የተስተካከለላቸውም፣ ለይስሙላ ብቻ ሌላ ቦታ የተጫኑትም የሕመም ቀናቸው ቀንሷል፤ አንዱ ቡድን ከሌላው አልበለጠም። ጥቅሙ ከይስሙላው ካልበለጠ አደጋውን መሸከም ለምን ያስፈልጋል? እጁ የለመደ ወጌሻ ትከሻን በማሸት ሊያሳርፍ ይችላል። አንገት መጠምዘዝ ሲጀምር ግን «ይቅርብኝ» ማለት ነውር የለውም። ብጣትና ዋግምት ደግሞ ባልተቀቀለ ምላጭ ከተደረጉ ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪ ያስተላልፋሉ፤ ለማይግሬን ብሎ መበጣት ፈጽሞ አይገባም።

«ካላሳመመ አይሠራም» የሚለውም ትክክል አይደለም። ጡንቻ ሲያሳምሙት ራሱን ለመከላከል ይበልጥ ይጠብቃል። በሚታሹበት ጊዜ ትንፋሽዎን ከያዙ ወይም ፊትዎ ከተጨማደደ ጫናው በዝቷል ማለት ነው።

በራስ እጅ ማሸት ለሚፈልግ ሰው ዋናው ቦታ የራስ ቅል አልቆ አንገት የሚጀምርበት ነው። ከመሐል ግራና ቀኝ ሁለት ጎድጓዳ ቦታዎች አሉ። ተቀምጠው ወይም በጀርባዎ ተኝተው ሁለቱን አውራ ጣቶች እዚያ ያሳርፉ፤ ጭንቅላትዎ በጣቶቹ ላይ ይደገፍ፤ በቀስታ እየተነፈሱ እስከ አንድ ደቂቃ ይቆዩ። ቀጥሎ ከአንገት ወደ ትከሻ የሚወርደውን ጡንቻ በተቃራኒው እጅ ጨበጥ ለቀቅ ያድርጉ። መንጋጋ አይረሳ፤ ጥርስ ሲነከስ ጉንጭ ላይ የሚያብጠው ጡንቻ፣ በተለይ ሌሊት ጥርሱን በሚያፋጭ ሰው ላይ፣ ብዙ ሕመም ያከማቻል። ሁሉም ተደምሮ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። የልብ ምት የሚዳሰስበትን የአንገት ፊትና ጎን በፍጹም አይጫኑ። ቅባቱ ቅቤ ቢሆን የወይራ ዘይት ለውጥ የለውም፤ ሥራው እጅን ማንሸራተት ነው። ሽታው የሚከረፋ ቅባት ግን ይቅር፤ ማይግሬን ያለበትን ሰው ሽታ ራሱ ያባብስበታል።

ሕመሙ ከበረታ በኋላ ብዙ ሰው ጸጉሩን መበጠር፣ ትራስ መንካት እንኳ ያመዋል። በዚያ ሰዓት «ልሽሽ» ማለት ደግነት ቢሆንም ማሠቃየት ይሆናል። ቀዝቃዛ ጨርቅ ግንባርና አንገት ላይ ማድረግ ይሻላል። ሙቀት ለሌላ ቀን፣ ጡንቻው ብቻ ሲጠነክር ይቆየን። ጠበቅ ተደርጎ የተሠራ ሹሩባም ራስ ምታት ያመጣል፤ ያኔ መድኃኒቱ መፍታት ነው።

ስለ ማሸት የተደረጉት ጥናቶች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው። በኒውዚላንድ በ47 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው፣ በየሳምንቱ የታሹት ሰዎች ማይግሬናቸው እንደቀነሰና እንቅልፋቸው እንደተሻሻለ አሳይቷል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በኃይል ከመታሸት በየጊዜው በቀስታ መታሸት ይመረጣል፤ «ነቀለልኝ» የሚያሰኝ ውጤት ግን መጠበቅ አይገባም።

«ሳይነስ ነው»፣ «ምች ነው»፣ «ቡና ነው»

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት «ሳይነስ አለብኝ» ካሉ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች 88 በመቶዎቹ ምልክታቸው የማይግሬን ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል። በማይግሬን ጊዜም አፍንጫ ይታፈናል፣ ዐይን ያለቅሳል፤ ግራ የሚያጋባው ይህ ነው። ወፍራም መግልና ትኩሳት ከሌለ ለሳይነስ ተብሎ ፀረ ተሕዋስያን መውሰድ ምንም አይጠቅምም። ምች የምንለውም አንዳንዱ ጠራራ ፀሐይ የቀሰቀሰው ማይግሬን ሊሆን ይችላል። ኃይለኛ ብርሃን፣ ሙቀትና የውኃ ጥም በእርግጥ ይቀሰቅሱታል፤ ስለዚህ ባርኔጣና ውኃ ከዳማከሴ በፊት ይቀድማሉ።

«ቡና ያድናል» የሚለውም «ቡና ነው የሚያሳምመኝ» የሚለውም ግማሽ እውነት ይዟል። ካፌይን የማስታገሻን ኃይል ይጨምራል። በየቀኑ የለመደው ሰው ሲያቋርጥ ግን በ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ያመዋል፤ ከ2 እስከ 9 ቀንም ሊቆይ ይችላል። እሑድ አርፍዶ የተነሣውን ሰው የሚያመው አንዱ ምክንያት የዘገየው ቡና ነው። በጾም መጀመሪያ፣ በረመዳን የመጀመሪያ ቀናት፣ ቤተ እስራኤላውያንም በሚጾሙት ዮም ኪፑር የሚመጣው ራስ ምታት ላይ ደግሞ ረኀብና ጥም ይጨመራሉ። የሚረዳው ከጾሙ አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ስኒዎቹን ቀስ በቀስ መቀነስ፣ በሚፈቀደው ሰዓትም ውኃ በደንብ መጠጣት ነው።

«ማስታገሻ ነው፤ ቢበዛም አይጎዳም»

ይጎዳል። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ እንደ ካፈርጎት ያሉት ድብልቅ መድኃኒቶች ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር ላለፈ ጊዜ ሲወሰዱ ራሳቸው ራስ ምታት ያመጣሉ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በሻንጣ የሚመጣው ፓናዶል ኤክስትራም ካፌይን ያለበት ድብልቅ ስለሆነ ከ10 ቀኑ ወገን ነው። በዚህ ውስጥ ያለን ሰው የቱንም ያህል ቢያሹት አይሻለውም። ክኒን የሚበጀው ሕመሙ ሲጀምር ቶሎ ሲወሰድ፣ በወሩ ውስጥ ግን ከቁጥር ሳያልፍ ነው። የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን ሐኪም ሳይጠይቁ መውሰድ የለባቸውም።

አንድ ቦታ ላይ ግን እጅ ፈጽሞ መሰብሰብ አለበት። ማጅራት ከትኩሳት ጋር ሲደርቅ፣ አገጭ ወደ ደረት አልወርድ ሲል፣ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ በሽታው ወረርሽኝ እየሆነ በሚነሣበት፣ ከሴኔጋል ጀምሮ በሚዘልቀው አካባቢ ውስጥ ናት። እዚያ ላይ ማሸት ሰዓት ማባከን ነው፤ ወዲያው ሆስፒታል። በድንገት ፈንድቶ የመጣ ከዚህ በፊት ያልታየ ራስ ምታት፣ የአንድ ወገን መዛል፣ የምላስ መተሳሰር፣ ከ50 ዓመት በኋላ የጀመረ አዲስ ሕመም፣ ከመውደቅ ወይም ከመመታት በኋላ የመጣም እንዲሁ ነው። ከሕመሙ በፊት ዐይኗ ላይ ብልጭታ የሚታያት ሴት ኤስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መከላከያ ክኒን መውሰድ የለባትም፤ የስትሮክ አደጋዋን ይጨምራል።

በስዊድን እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለ40 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያደረጉትም፣ ጡንቻን የማላላት ልምምድ የሠሩትም፣ ቶፒራሜት የተባለውን መከላከያ መድኃኒት የወሰዱትም የማይግሬናቸው ቁጥር ተቀራራቢ በሆነ መጠን ቀንሷል። ፈጠን ብሎ መራመድና በአንድ ሰዓት መተኛትና መነሣት ገንዘብ አይጠይቁም። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሕመሙ በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ ከመጣ የመከላከያ መድኃኒት መጠየቅ ይገባል። ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን የቆዩና ዋጋቸው ያልከበደ ናቸው። አሚትሪፕቲሊን የታዘዘላቸው ሰዎች «የድብርት መድኃኒት ነው» ሲባሉ ደንግጠው ይተዉታል፤ ለማይግሬን የሚሰጠው ግን በትንሽ መጠን የሕመም ነርቮችን ለማረጋጋት ነው፤ ውጤቱም የሚለካው ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ነው። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ቢያንስ የአንድ ወር ማስታወሻ ይያዙ፦ የጀመረበት ቀንና ሰዓት፣ ማጅራት ቀድሞ ይዞ እንደነበር፣ የተወሰደው ክኒን ብዛት፣ የተዘለለ ምግብና እንቅልፍ፣ ለሴቶች የወር አበባ ቀን። ሐኪሙ የውጥረቱን ራስ ምታት ከማይግሬኑ የሚለየው በዚያ ወረቀት ነው።