ስብሰባው ሲረዝም ስኳሬ ይወርዳል

ከ6 ሰዓት 20 ደቂቃ አልፏል። ስብሰባው 5 ሰዓት ላይ ያልቃል ተብሎ ነበር። ግድግዳው ላይ የበራውን የበጀት ሠንጠረዥ ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ፤ ግን ቁጥሮቹን ማንበብ አቃተኝ። 8 ይሁን 3 አይለይልኝም። ጀርባዬ በላብ ረጥቧል፣ ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ። አለቃዬ «የሁለተኛው ሩብ ዓመት ወጪ ስንት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። በኋላ እንደነገሩኝ ሁለት ጊዜ «ምሳ» ብያለሁ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ የሳቅኩ ይመስለኛል። ሻይ የሚያፈሉልን ማዘር ስኒ ሊሰበስቡ ገብተው ፊቴን አዩና ማንንም ሳያስፈቅዱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ላይ ስኳር ደፍተው አማሰሉ። «የኔ ልጅ፣ ይቺን ቶሎ ጨልጪ» አሉኝ። ለካ ባለቤታቸው ስኳር ነበረባቸው። ከዚያ ሁሉ ዲግሪና ማስተርስ መካከል የገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።

እንዲገባቸው ደግሞ ዕድል አልሰጠኋቸውም። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም እንዳለብኝ ሳልናገር እዚያ ቢሮ 2 ዓመት ሠርቻለሁ።

ስኳር አለብኝ ስትሉ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ኬክ ነው። «ውይ፣ ጣፋጭ እንዳትነኪ!» ትክክል ነው፤ ከፍ ያለ ስኳር ለዓመታት ሲቆይ ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ነርቭን ይጎዳል። ኢንሱሊን የምንወጋ ሰዎችን በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ከወንበር የሚጥለን ግን የስኳር መውረድ ነው። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሁለት ዓይነት እወጋለሁ። አንዱ ፈጣን ነው፤ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት ተወግቶ ለቁርሱ ይሠራል። ሌላው ኤንፒኤች የሚባለው፣ ደፍረስ ያለው ነው፤ ቀስ ብሎ ይነሳና ከተወጋ ከ4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ጉልበቱ ይበረታል። ቁጠሩት፤ 5 ሰዓት ላይ መጥቶ ምሳዬን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ምሳው ከዘገየ እሱ ሥራውን አያቆምም፤ ደሜ ውስጥ ያለውን ስኳር እያወረደ ይቀጥላል። ኢንሱሊን አጀንዳ አያነብም።

የሚገርመው ከዚያ ስብሰባ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ውጤቴ 7 ሆኖ ነበር። ሐኪሜም «ጎበዝ!» ብለውኛል። 7 ማለት በግምት አማካይ 154 ነው። ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ሆኜ ይሄ እንዴት አመለጠኝ? አንድ ቀን 50፣ ሌላ ቀን 258 የሆነ ሰውም አማካዩ 154 ነው። የነፍስ ወከፍ ገቢ ሲነገር ኪሳችንን ዳብሰን የምንስቀው ለዚህ አይደል እንዴ?

ስለዚህ ወደ ስትሪፕ ሄድኩ። ስትሪፕ ማለት ከጣት የወጣች ደም የሚነካባት፣ ማሽኑ ላይ የምትሰካ ቀጭን መለኪያ ናት፤ አንዷ አንዴ ብቻ ታገለግላለች። የኔ ፓኮ 50 ፍሬ አለው። በቀን 4 ጊዜ ብለካ 13 ቀን አይዘልቀኝም፤ ደመወዜ ደግሞ ይህን አይችልም። (ኢንሱሊንን ቶሮንቶ ላይ ያገኙት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1923 የፈጠራ መብቱን ለዩኒቨርሲቲው በአንድ አንድ ዶላር እንደሸጡለት ሳስብ ፋርማሲ በር ላይ ቆሜ እተክዛለሁ።) በቀን አንዷን ነበር የምጠቀመው፤ ያውም ጠዋት ጠዋት። ጠዋት ላይ ቁጥሬ ሁሌም ቆንጆ ነበራ! መልሱን ለማውቀው ጥያቄ ነበር ገንዘብ የማወጣው። አሁን ሐኪሜን አማክሬ ሰዓቱን አዘዋውራለሁ፤ ሰኞ ከምሳ በፊት፣ ማክሰኞ ከምሳ 2 ሰዓት በኋላ፣ ረቡዕ ከመኝታ በፊት፣ እንዲያ እያልኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቴ ከ70 በታች አገኘሁ።

የምሳው ነገር ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አምስት ሆነን አንድ ትሪ ከበን ስንበላ ስንት እንጀራ እንደበላሁ በምን አውቃለሁ? አሁን አንድ እንጀራ በኔ በኩል አስቀድሜ ለይቼ አስቀምጣለሁ። ጉርሻ ግን አይቆጠርም፤ እምቢም አይባልም። አንዱ ባልደረባዬ የሚያጎርሰኝን ሽሮ «ግማሽ እንጀራ» ብዬ ነው የምመዘግበው፤ ማጋነኔ አይደለም፣ እጁ ትልቅ ነው።

ለአለቃዬ የነገርኳቸው በማግስቱ ነው። ፈርቼ ነበር፤ ውሌ ሊታደስ 3 ወር ቀርቶታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ። እኔ ግን የሚያስፈልገኝ 6 ወር ሳይሆን 10 ደቂቃ ነው። አለቃዬ ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ስብሰባውን ወደ ከሰዓት እናዙረው» አሉ። እፎይ አልኩ። በሳምንቱ ግን ከአዳማው የመስክ ሥራ ስሜ ተሰርዞ አየሁት። «ለጤናሽ ብዬ ነው» አሉኝ። አበሉም አብሮ ቀረ።

አልዋሻችሁም፣ ያን ቀን በመናገሬ ተቆጭቻለሁ። ሁለት ቀን አኩርፌ ተመልሼ ገባሁ። «ጋሼ፣ አዳማም ምሳ አለ፤ መለኪያዬም በቦርሳ ይገባል» አልኳቸው። ቀጣዩን ጉዞ ሄጃለሁ።

አጠገቤ ለሚቀመጡት ሁለት ልጆች ደግሞ እንዲህ ብዬ አስጠንቻቸዋለሁ፦ ካላበኝ፣ ከተንቀጠቀጥኩ፣ ወይም የማይገናኝ ነገር ካወራሁ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ወይም የጠርሙስ ለስላሳ ግማሹን ስጡኝ። ስኳር የሌለበት «ዜሮ» የሚባለው አይሠራም። ቸኮሌትም ቅባቱ ስለሚያዘገየው አይሆንም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እለካለሁ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ እንደገና ትሰጡኛላችሁ፣ ከዚያ ምግብ። ራሴን ከሳትኩ ግን አፌ ውስጥ ምንም እንዳትጨምሩ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። አንዱ «የማይገናኝ ነገርማ ሁሌም ነው የምታወሪው፣ እንዴት እንለየው?» አለኝ።

አሁን ያለብኝ ችግር የመሳቢያዬ ለስላሳ ነው። ሰኞ አስቀምጣለሁ፣ ረቡዕ ጠርሙሱ ባዶ ነው። «መድኃኒት ነው፣ አትንኩ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩበት። ትናንት ሳየው ግማሹ ተጠጥቶ፣ ከጽሑፌ ሥር በእስክሪብቶ «ለውጥ አለኝ፣ አመሰግናለሁ ዶክተር» ተብሎበታል።