ያለንን ልብስ እንወቅ፦ ከአዲስ ግዢ በፊት የሚቀድም ሥራ

«የምለብሰው የለኝም» የሚለው አነጋገር በመምህራንም ሆነ በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ይህን የሚሉ ሁሉ በእርግጥ ልብስ ያጡ አይደሉም። ብዙዎቹ ሻንጣቸው ሞልቶ አልዘጋ ያላቸው ሲሆኑ፣ ጧት ጧት ከዚያ ሁሉ መካከል የሚያወጡት ግን ያንኑ አንድ ሱሪና ያንኑ ሁለት ሸሚዝ ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» እንደሚባለው፣ ያለንን ሳናውቀው የሌለንን እንፈልጋለን።

ነገሩ እንደ ቀላል ሊታይ አይገባውም። ተማሪ በልብሱ አፍሮ ከክፍል ሲቀር ትምህርቱ ይጎዳል። ወጣት ሠራተኛ ለወላጆቹ ሊልክ ያሰበውን ገንዘብ በዱቤ ለወሰደው ኮት ሲከፍል ቤተሰብ ይጎዳል። መምህርም የወር ደመወዙን በአንድ የበዓል ዋዜማ ለልብስ ጨርሶ ቀሪውን ወር በብድር ሲገፋ ሥራው ይበደላል። ስለሆነም ካለን ልብስ የተሟላ አለባበስ ማዘጋጀት እንዴት እንደሚቻል ከዚህ በታች ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

ለማስረጃነት የምንወስደው የጅቡቲ ከተማን የአምቡሊ ሠፈር ነው። አምቡሊ በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል የሚገኝ ሲሆን፣ የአገሪቱ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያም በስሙ ይጠራል። በአጠገቡ የሚያልፈው የአምቡሊ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደርቆ ይከርምና ዝናብ ሲጥል ድንገት ይሞላል። በዚህና በሌሎቹ የከተማዋ ሠፈሮች ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጥንቱ ባቡርም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2016 በአዲስ አበባ የተመረቀው፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር ሁለቱን አገሮች አገናኝተዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ ከባሕሩ ዳር ሲደርስ፣ ሻንጣው ውስጥ ያለው ግን ለደጋ የተሰፋ ልብስ ነው። ስለዚህ «ልብስ እያለ የሚለበስ ማጣት» የተባለው ችግር በአምቡሊ ጎልቶ ይታያል።

1ኛ. የአየሩን ጠባይና የጨርቁን ዓይነት ማወቅ

በጅቡቲ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ለዘብ ያለ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ግን ሙቀቱ ይበረታል፤ በሐምሌ ወር የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በዚሁ ወራት ኻምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ከምዕራብ አቧራ ይዞ ይነፍሳል። ነፋሱ ጋብ ሲል ደግሞ የባሕሩ እርጥበት ይተካል።

ሰውነታችን ራሱን የሚያቀዘቅዘው ላብ ወደ ትነት ሲለወጥ ነው። አየሩ እርጥበት የሞላበት ከሆነ ላቡ ቶሎ አይተንም፤ ጨርቁ በቆዳ ላይ ከተጣበቀ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጥጥ በተለመደ የአየር ሁኔታ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ የሚሆን እርጥበት ሲይዝ፣ ፖሊስተር ግን 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ሸሚዞች በገላ ላይ የሚለያዩት በዚህ ምክንያት ነው።

የልብሱ ምልክት ጠፍቶ ጨርቁ ምን እንደሆነ ካልታወቀ፣ ከውስጥ ስፌቱ ጥቂት ክር መዝዞ በእሳት መመርመር ይቻላል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፤ የሚተወውም ልስልስ ያለ አመድ ነው። ሱፍ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ እንደ ጨሌ ይጠጥራል። ይህ ሙከራ ውኃ በአጠገብ ተቀምጦ፣ ክሩም በመቆንጠጫ ተይዞ መደረግ ይኖርበታል።

ስለ ቀለምም አንድ ቃል እንጨምር። ብዙዎቻችን ጥቁር ልብስ ለበረሃ ፈጽሞ አይሆንም ብለን እናምናለን። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1980 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት የበደዊኖችን ሰፊ ቀሚስ መርምሮ፣ ጥቁር የለበሰውም ነጭ የለበሰውም ሰው ገላው የሚያገኘው ሙቀት እኩል መሆኑን አሳይቷል። ምንም እንኳ ጥቁሩ ጨርቅ የበለጠ ቢግልም፣ በጨርቁና በገላው መካከል የሚንቀሳቀሰው አየር ትርፉን ሙቀት ይዞት ይሄዳል። ለዚህ ግን ልብሱ ሰፊ መሆን አለበት። የጅቡቲ ሴቶች ስስና ሰፊውን ድሪያ፣ ወንዶችም ሽርጡን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ሰፋ ያለ ጥቁር ቀሚስ ያላት ሴት ስለ ቀለሙ ብላ አትጣለው።

2ኛ. ቆጥሮ መለየት

በዕረፍት ቀን ልብሶቹ ሁሉ ከሻንጣና ከቁም ሣጥን ይውጡና በንጹሕ ሰሌን ላይ ይዘርጉ። አንድም ሳይቀር በወረቀት ይመዝገቡ። ከዚያም እያንዳንዱ ከአራት ክፍሎች በአንዱ ይመደብ፦ አሁን የሚለበስ፣ ተጠግኖ የሚለበስ፣ ለሌላ አየር የሚቀመጥ፣ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ወይም ለሌላ ሥራ የሚውል።

ለምሳሌ ያህል፣ ከደሴ ወደ አምቡሊ የመጣ አንድ መምህር አለ እንበል። ሻንጣውን ሲፈታ 2 ኮት፣ 2 ሹራብ፣ 5 ሱሪ፣ 7 ሸሚዝ፣ 3 ካናቴራ፣ 1 ጋቢ፣ 1 ነጠላና 1 ሽርጥ አገኘ። ድምሩ 22 ነው። ሲለያቸው እንደሚከተለው ሆኑ።

አሁን የሚለበሱ፦ 2 ሱሪ፣ 3 ሸሚዝ፣ 2 ካናቴራ፣ ነጠላውና ሽርጡ፤ በድምሩ 9።
ተጠግነው የሚለበሱ፦ ዚፑ የተበላሸና ጫፉ የተተለተለ 2 ሱሪ፣ ቁልፍ የጎደላቸው 2 ሸሚዝ፣ አንገትጌው ያለቀ 1 ሸሚዝ፤ በድምሩ 5።
ለደጋ የሚቀመጡ፦ 1 ኮት፣ 2 ሹራብና ጋቢው፤ በድምሩ 4።
የሚሰጡ፦ የጠበበው ኮት፣ 1 ሱሪ፣ 1 ሸሚዝና 1 ካናቴራ፤ በድምሩ 4።

ከዚህ እንደምንረዳው ሰውየው «የምለብሰው የለኝም» ያለው 22 ልብስ ይዞ ነው። የጎደለው ልብስ ሳይሆን አንድ ዚፕ፣ ጥቂት ቁልፍና ክር ነበር።

3ኛ. መጠገንና መለወጥ

የሸሚዝ አንገትጌ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው በእጥፋቱ ላይ ብቻ ነው። ስፌቱ በጥንቃቄ ይተረተራል፤ አንገትጌው ይገለበጥና ያላለቀው ገጽ ወደ ውጭ ሆኖ በነበረበት ቦታ ተመልሶ ይሰፋል። እጅጌው ከእጅ አንጓው ላይ ያለቀ ሸሚዝ ከክንድ ላይ ተቆርጦ ቢዘመዘም አጭር እጅጌ ይሆናል፤ ይህም ለቆላ የተሻለ ነው። ጫፉ የተተለተለ ሱሪ በሁለት ጣት ያህል አጥሮ እንደገና ይታጠፋል። ከመቁረጥ በፊት ግን ልብሱን አጥቦ መለካት ያስፈልጋል፤ የጥጥ ጨርቅ በውኃ ሊሰበሰብ ይችላልና።

ቁልፍ ሲተከል ክሩን ከጨርቁ ጋር አጥብቆ መሳብ አይገባም። በቁልፉና በጨርቁ መካከል የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ክፍተት ይተውና ክሩ በዚያ ላይ ተጠምጥሞ ይቋጠር። እንዲህ የተተከለ ቁልፍ ቀዳዳውን ሳይጨመድድ ይቆለፋል፤ ዕድሜውም ይረዝማል።

ይህ ዓይነቱ ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አራት እጥፍ ሆኖ የሚሠራው ጋቢ ሲያረጅ የሕፃን ማቀፊያ፣ ከዚያም እራፊ ሆኖ የቤት መወልወያ ሲሆን ኖሯል። የነጠላው ጨርቅ ሲያልቅ ጥለቱ ተቆርጦ በሌላ ልብስ ላይ ይሰፋል። በሌላው ዓለምም ቢሆን እንዲሁ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1941 ጀምሮ ልብስን በኩፖን ስትሸጥ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሰው የተመደበው 66 ኩፖን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943ም የንግድ ሚኒስቴሩ ሕዝቡ ያለውን ልብስ ጠግኖ እንዲያብቃቃ የሚያስተምር ጽሑፍ አሳትሞ አሰራጭቷል። የኩፖኑ ሥርዓት የቀረው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ከዚህ እንደምናየው የተጠገነ ልብስ መልበስ ሊያሳፍር አይገባም፤ የሚያሳፍረው ቆሽሾ የተለበሰ ልብስ ነው።

4ኛ. ማዛመድ

የአንድ ሰው አለባበስ የሚሰፋው በልብሱ ብዛት ብቻ ሳይሆን በልብሶቹ መስማማት ነው። ወደ መምህሩ ምሳሌ እንመለስ። ከጥገናው በፊት 2 ሱሪና 3 ሸሚዝ ስለነበሩት፣ ሁሉም ቢስማሙ እንኳ የሚያገኘው 2 × 3 = 6 ዓይነት አለባበስ ነው። ከጥገናው በኋላ ግን 4 ሱሪና 6 ሸሚዝ አለው። ከሱሪዎቹ አንዱ ደማቅ መስመር ያለበት በመሆኑ ከ2 ሸሚዞች ጋር ብቻ ይሄዳል። እንግዲህ ሦስቱ ሱሪዎች ከስድስቱ ሸሚዞች ጋር 18፣ መስመር ያለበት 2፣ በድምሩ 20 ዓይነት አለባበስ ሆነ ማለት ነው። በሳምንት 5 ቀን ቢያስተምር ለአራት ሳምንት ሳይደግም ሊለብስ ይችላል።

በዚሁ ስሌት አዲስ ልብስ መግዛት የሚገባበትን ጊዜም እናውቃለን። ካሉን ልብሶች ቢያንስ ከሦስቱ ጋር የማይስማማ ልብስ፣ ዋጋው ቢረክስም ውድ ነው። በአንጻሩ ከሁሉ ጋር የሚሄድ አንድ ተራ ሱሪ ለመምህራችን 6 አዲስ አለባበስ ይጨምርለታል። ከሰልባጅ ክምርም ሆነ ከሱቅ ስንገዛ «ይህ ከየትኛው ልብሴ ጋር ይለበሳል?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። ለአንድ ቀን ደስታ ብሎ መዋስም ቢሆን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን አባባል ያስታውሰናል።

5ኛ. መጠበቅ

በአምቡሊ ልብስን የሚጎዱት ላብ፣ አቧራ፣ ፀሐይና ጨዋማ አየር ናቸው። ላብ የነካው ልብስ ሳይውል ሳያድር በውኃ ይለቅለቅ፤ የደረቀ ላብ ጨርቁን ያወይባል። አቧራ የጠጣ ልብስ ከመታጠቡ በፊት ይራገፍ። ሲሰጣ ተገልብጦ በጥላ ሥር ይሁን፤ ኃይለኛ ፀሐይ ቀለም ያፈዛልና። ሽቦ መስቀያ በባሕር ዳር አየር ቶሎ ስለሚዝግና የዛገበትም ቦታ ስለማይለቅ፣ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መስቀያ ይሻላል።

ለደጋ የሚቀመጡትን ኮት፣ ሹራብና ጋቢ በተመለከተ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሱፍን ልብስ የሚበላው የብሏ ትል ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ የሚስበውም ላብና እድፍ ያለበት ጨርቅ ነው። ስለዚህ በሚገባ ታጥቦና ደርቆ በንጹሕ አሮጌ አንሶላ ይጠቅለል። እርጥበት ያልወጣለት ልብስ በፕላስቲክ ከረጢት ከታሸገ ይሻግታል። በለዘብተኛው ወራት አልፎ አልፎ አውጥቶ ማናፈስም ያስፈልጋል።

ለመምህራን

ቀደም ባለው ጊዜ በብዙ 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የባልትና ትምህርት ይሰጥ ነበር። ዛሬ ክፍለ ጊዜው ባይኖርም ትምህርቱ በሌሎች የትምህርት ዓይነቶች ሊገባ ይችላል። የሒሳብ መምህር ስለ ማዛመድ ሲያስተምር የሱሪና የሸሚዙን ስሌት፣ የኬሚስትሪ መምህር የክሩን ሙከራ፣ የፊዚክስ መምህር የትነትንና የሰፊውን ቀሚስ ነገር ሊጠቀምበት ይችላል። ቁልፍ መትከልን ግን ወንዶችም ሴቶችም እኩል ሊማሩት ይገባል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባለሁ። ተማሪዎች የራሳቸውን ልብስ በክፍል ፊት እንዲቆጥሩ ፈጽሞ አይጠየቁ። 22 ልብስ ያለው እንዳለ ሁሉ ሁለት ብቻ ያለውም አለ፤ ትምህርቱም እርሱን ለማሳፈር አልተዘጋጀም። በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደ መምህሩ ያለ የምናብ ሻንጣ ተጽፎ ሁሉም በዚያ ይሥራ፤ የየራሱን ግን በየቤቱ ይመርምር። ከምርመራው በኋላ ትርፍ ያገኘ ሰው አጥቦና ጠግኖ፣ ሌላው ሳያይ ለሚያስፈልገው ቢሰጥ፣ በአንዱ ሻንጣ ውስጥ ያለ ሥራ የተቀመጠው ሸሚዝ ሌላውን ተማሪ ከክፍል ከመቅረት ያድነዋል።