ሪስታርት ማድረግ መደምሰስ አይደለም

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ አበው። ይህችን አጭር ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የእድራችንን የአባላት መዝገብ የሚጠብቅ ወዳጄ ነው። መዝገቡ በተከራየው ቨርችዋል ማሽን ውስጥ በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ ይቀመጣል። «ሪስታርት ሳደርገው ቁልፉ ከሚሞሪው ይጠፋል አይደል?» ሲል ጠየቀኝ።

መልሴ «አትመን» የሚል ነበር። ቨርችዋል ማሽን በሌላ ኮምፒውተር ላይ በእንግድነት የሚኖር፣ በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር ነው። ለምሳሌ በሊኑክስ ኬቪኤም ላይ እንግዳው ሪስታርት ሲደረግ፣ በአስተናጋጁ ላይ እሱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም እንደወትሮው አይዘጋም። ፕሮሰሰሩ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ሚሞሪው ግን ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ የያዘውን ይዞ ይቆያል። እንግዲህ የመቆጣጠሪያውን የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰው ማሽኑን በሌላ ዲስክ አስነስቶ ቁልፉን ሊፈልግ ይችላል ማለት ነው።

ነገሩ በእውነተኛው ኮምፒውተርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የፕሪንስተን ተመራማሪዎች መብራት ከተቋረጠ በኋላ እንኳ ቁልፎች በሚሞሪ ውስጥ ለሴኮንዶች፣ አንዳንዴም ለደቂቃዎች እንደሚቆዩ አሳይተዋል።

መፍትሔው ምንድን ነው? ሪስታርት ከማድረግ ይልቅ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ እንደገና ማስነሳት ነው። ያኔ ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ ሚሞሪው ወደ አስተናጋጁ ይመለሳል፤ ሊኑክስም ለሌላ ፕሮግራም ከመስጠቱ በፊት በዜሮ ይሞላዋል።

ይህ ግን ከሌባ እንጂ ከአስተናጋጁ ባለቤት አያድንም። ማሽኑ በሥራ ላይ ሳለ ባለቤቱ የተራ እንግዳን ሚሞሪ ማንበብ ይችላልና። ስለዚህ የወገንን ስም ዝርዝር አደራ የተቀበልን ሁሉ፣ ከቁልፉ በፊት ቤቱ የማን እንደሆነ እንጠይቅ።

ቸር ይግጠመን።