ከዳንግላው ቆንስል እስከ ብሪክስ

ከ1925 እስከ 1934 (ዓመታቱና ወሮቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሜጀር ሮበርት ቺዝማን የሚባል የእንግሊዝ ቆንስል መቀመጫው አዊ ውስጥ ያለችው ዳንግላ ነበረች። ለንደን ወኪሏን እዚያ ያስቀመጠችው ለአዊ ጤፍ ብላ አይደለም። ልቧ ያለው ጣናና ዓባይ ላይ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 በፈረሙት ውል፣ እንግሊዝና የሱዳን መንግሥት ሳይስማሙ ውሃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ተስማምተው ነበር። ራስ ተፈሪ ግን በ1927 ሐኪም ወርቅነህን አሜሪካ ልከው፣ ከአንድ የኒውዮርክ ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ አነጋገሩ። ግድቡ አልተሠራም። ቢሆንም እንግሊዝ በሩን የምታንኳኳ ብቸኛዋ ኃያል እንዳልሆነች ተረዳች።

ዛሬ «ባለብዙ ዋልታ ዓለም» የሚባለው ይኸው ነው፤ አንድ ኃያል ብቻውን የማይወስንበት ዓለም። ሩሲያና ቻይና ይህን ሐሳብ በጋራ መግለጫ ያወጡት በ1997፣ በየልትሲንና በጂያንግ ዜሚን ዘመን ነው። በየካቲት 2022 ደግሞ ወዳጅነታችን ወሰን የለውም አሉ። ከሳምንታት በኋላ ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች። ምዕራባውያን በማዕቀብ በሩን ሲዘጉባት ሩሲያ ነዳጇን ይዛ ወደ ቻይና ዞረች። በ2023 የሁለቱ ንግድ ወደ 240 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ፤ አብዛኛው ሂሳብ ግን የተዘጋው በዩዋንና በሩብል ነው።

ወንድማማች ናቸው ለማለት ግን አልቸኩልም። በ1969፣ በሶቪየት ዘመን፣ ድንበር ላይ ተታኩሰዋል። ዛሬም አንዱ ቢጠቃ ሌላው እንዲዘምት የሚያስገድድ ውል የላቸውም። ደግሞ ሩሲያ ቻይናን የምትፈልገውን ያህል ቻይና ሩሲያን አትፈልግም።

ኢትዮጵያ ሁለቱ ካሉበት ብሪክስ ከሚባለው የአገሮች ማኅበር የገባችው በጥር 1 ቀን 2024 ነው። ግብፅም የገባችው በዚያው ቀን ነው፤ ሩሲያ ለግብፅ የኒውክሌር ጣቢያ ትገነባላታለች። በዓባይ ጉዳይ ማኅበሩ ለእኛ ያደላል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይህን ልብ ይበል።

አባል ከመሆናችን ከቀናት በፊት አገራችን የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ መክፈል አቅቷት ነበር። ዕዳውን ለማሸጋሸግ የተቋቋመውን የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ በጋራ የመሩት ቻይናና ፈረንሳይ ናቸው፤ የ3.4 ቢሊዮን ዶላሩ የብድር ፕሮግራም የመጣው ዋሽንግተን ካለው የዓለም የገንዘብ ድርጅት ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ በዶላር የሚገዛው ማዳበሪያ የአዊውን የእንጅባራ ድንች አምራችም ከበደው። ሩሲያና ቻይና በዓለም ከታወቁት ማዳበሪያ ላኪዎች መካከል ናቸው፤ የሚሸጡት ግን በገበያ ዋጋ ነው።

በእኔ አስተያየት የብሪክስ ጥቅም ራስ ተፈሪ ያገኙት ዓይነት ነው፤ አንዱ እምቢ ሲል ሌላውን ማነጋገር መቻል። ብድሩ ያው ብድር ነው። የብሪክስ አባል መሆን ብቻውን ሻንጋይ ላለው የማኅበሩ ባንክ አባል አያደርግም። ስለዚህ አዲስ ስምምነት ተፈረመ ሲባል ሲሰሙ ወለዱን፣ የመክፈያ ዘመኑንና መያዣውን ይጠይቁ።